በሰባተኛው ቴፕ ላይ የፈረምኩት

ጡረታ የወጣሁት ጆሮዬ ስለከዳኝ ነው። ሐኪሟ ማዳመጫ ጆሮዬ ላይ ደፍታ፣ ድምፅ በሰማህ ቁጥር ይህችን አዝራር ተጫን አለችኝ። አዝራሯን ይዤ ድምፁን ስጠብቅ ምርመራው አለቀ ተባልኩ። የመጨረሻዎቹን ቀጫጭን ድምፆች ጨርሶ አልሰማኋቸውም። ለሌላ ሰው ይህ የዕድሜ ነገር ነው። ወደ አርባ ዓመት በጆሮው እንጀራ ለበላ ሰው ግን መሰናበቻ ነው። በማግስቱ ለአለቃዬ ነገርኩት፤ በወሩ መጨረሻ የሥራ ቦታውን ቁልፍ አስረከብኩ።

አሁን ለንደን፣ ኪልበርን ባለችው ቤቴ ቁጭ ብዬ ያለፈውን ሥራዬን ሳስብ፣ ስለ ደመወዝም ሆነ ስለ መኖሪያ ፈቃድ ወረቀት የማወራው ብዙ የለኝም። ያንን ሁሉም አበሻ ያውቀዋል። የምናገረው ስለ ቅናት ነው። ሰው ስለ ሥራ ዘመኑ ሲጽፍ የሚያኮራውን ይመርጣል፤ እኔም ሞክሬ ነበር። ብዕሬ ግን እየዞረ እዚያው አንድ ቴፕ ላይ ይመጣብኛል።

ሥራ የጀመርኩት አዲስ አበባ፣ ሬዲዮ ጣቢያ ውስጥ በቴክኒሺያንነት ነው። ያኔ ድምፅ የሚቀዳው በትልልቅ ጥቅል ቴፕ ላይ ነበር። የኔ ሥራ ምላጭ ይዞ መቁረጥ ነው። ዜና አንባቢው ከዓረፍተ ነገር ወደ ዓረፍተ ነገር ሲሻገር የሚስበውን ትንፋሽ እፈልጋለሁ፣ ቴፑን በሁለት እጄ ይዤ በማሽኑ ራስ ላይ ወዲያና ወዲህ አሻሸዋለሁ፣ ቦታውን በነጭ የሰም እርሳስ ምልክት አደርግና አግድም ቆርጬ እጥለዋለሁ። ሁለቱን ጫፎች በፕላስተር አያይዛለሁ። በቀን መቶ ትንፋሽ የቆረጥኩበት ጊዜ አለ። የተሳበ ትንፋሽ ከጥርስ መሃል የሚያልፍ ቀዝቃዛ ፉጨት አለው፤ ቀስ ብሎ ይጀምርና ቃሉ ጋ ሲደርስ ጥርቅም ይላል። የወጣ ትንፋሽ ሞቃት ነው፤ ከጅምሩ ሙሉ ሆኖ እየሳሳ ይጠፋል። አንዱን ከሌላው ለመለየት ማሰብ እንኳ አያስፈልገኝም ነበር።

ገና ወጣት ሳለሁ፣ ከቆሻሻ ቅርጫቱ የቴፕ ቁርጥራጭ መሰብሰብ ጀመርኩ። ከምናለሽ ተራ የቀጥቃጮቹን መዶሻ፣ ከአውቶቡስ ተራ የረዳቶቹን ጥሪ ቀድቼ፣ ቆራርጬ፣ አንዳንዱን አዘግይቼ፣ አንዳንዱን ከኋላ ወደፊት አስኪጄ ቀጣጠልኩት። ዘፈን አይደለም፣ ዜናም አይደለም። ምን እንደሆነ ስም አልነበረኝም። አሥራ አንድ ደቂቃ ሲሞላ ለክፍሉ ኃላፊ አሰማሁት። ክፉ ሰው አልነበረም። እስከ መጨረሻው ሰማና፣ ቴፕ የመንግሥት ንብረት እንደሆነ፣ እጥረትም እንዳለ አስረዳኝ። በሳምንቱ በላዩ ላይ ስለ ማዳበሪያ አጠቃቀም ትምህርት ተቀዳበት። የአስተማሪውን ትንፋሽ የቆረጥኩት ራሴ ነኝ።

ከዘጠና ሰባቱ ምርጫ በኋላ፣ ቁረጥ የተባልኩትን የአንድ ሰው ድምፅ አልቆርጥም ብዬ ከሥራ ለቀቅኩ። ታሪኩ ይኸው ነው፤ ሰዎች ከዚህ የበለጠ ያደርጉታል። ለንደን ስደርስ መኪና ማቆሚያ ጠበቅኩ፣ ቢሮ አጸዳሁ። ከማጸዳቸው ሕንጻዎች አንዱ ሃክኒ ውስጥ ነበር። ምድር ቤቱ ላይ ኮሊን የሚባል ራሰ በራ እንግሊዛዊ አሮጌ ቴፖችን ወደ ኮምፒዩተር የሚገለብጥበት ትንሽ ስቱዲዮ ነበረው። አንድ ጠዋት ወለሉን ስወለውል ማሽኑ ሲያፏጭ ሰማሁ። በዚያች በተሰባበረች እንግሊዝኛዬ፣ ቴፑ እርጥበት ጠጥቷል፣ አቁመውና በቀስታ አሙቀው አልኩት። ኮሊን መጥረጊያዬን አየ፣ እኔን አየ፣ ማሽኑን አቆመ። በሁለተኛው ወር ሥራ ሰጠኝ።

ሥራ ያስተማረኝ ሰው ቢኖር እሱ ነው። ቴፕ ሳይነካ በፊት ሽታ በሌለው ሳሙና እጁን ይታጠባል፣ ከዚያ ጣቱን አንድ በአንድ ያደርቃል። በሣጥኑ ላይ የተጻፈውን ከነስሕተቱ በደብተር ይገለብጣል፤ ግን በሣጥን ላይ የተጻፈን ነገር እንደ ወሬ ቁጠሩት ይለናል። የድምፅ መጠን የሚያሳየውን የማሽኑን መርፌ ከማየቱ በፊት ጀርባውን ሰጥቶ ያዳምጣል። ከሁሉ በላይ የሚያጠብቀው አንድ ደንብ ነበረው። ማንኛውም ቴፕ ከመውጣቱ በፊት ያልገለበጠው ሌላ ሰው ከዳር እስከ ዳር ሰምቶት፣ ትክክል ነው ብሎ ቅጹ ላይ ይፈርማል። ሁለተኛ ጆሮ ይለዋል። የኮሊን ሁለተኛ ጆሮ ለመሆን ሁለት ዓመት ፈጅቶብኛል። ከዚያ በኋላ ለዓመታት ከኔ ሌላ አልነበረውም።

ቤዛን ያመጣኋት እኔ ነኝ። እናቷን አስቴርን የማውቃት ከቤተ ክርስቲያን ነው፤ ስትሪትሃም ነው የሚኖሩት። ልጅቷ እዚሁ ለንደን ተወልዳ በድምፅ ሥራ ዲግሪ ይዛ ሥራ አጥታለች ስትለኝ፣ ላነጋግርልሽ አልኩ። ኮሊን ተቀበላት። እሷም በመጀመሪያው ቀን አንገቷን ሰበር አድርጋ፣ “ጋሽ ደምሴ፣ እናቴ ስለርስዎ ሁሉንም ነግራኛለች፤ ያንን ሰውዬ አልቆርጥም ማለትዎን፤ ሪሊ ነው የምኮራብዎ” አለችኝ። ደስ አለኝ። ለሁለት ሳምንት ያህል ደስ አለኝ።

ቅናቱ መቼ እንደጀመረኝ አውቃለሁ። ኮሊን አንድ ቀልድ ተናገረ፤ እሷ ሳቀች፤ እኔ አልገባኝም። ስምንት ዓመት አብሬው ሠርቼ ይህን ያህል ቀልድ አዋቂ መሆኑን አላውቅም ነበር። ከዚያ በኋላ ሁሉም ነገር ይታየኝ ጀመር። ሻይ ሲያፈላ አስቀድሞ እሷን ይጠይቃል። እኔ በሦስት ቀን የተማርኩትን ማሽን እሷ በግማሽ ቀን ለመደችው። በኮምፒዩተሩ ላይ ጣቷ ሲሮጥ ማየት ያመኝ ነበር። እሷ ደግሞ ከነክብሯ ናት። ጋሼ ይቀድሙ፣ ጋሼ ይቀመጡ። ብታቃልለኝ ይሻለኝ ነበር።

በዚህ መሃል ነው የኤልቪራ ቴፖች የመጡት።

ኤልቪራ ስፔናዊት ናት፤ በሀገሯ በቴፕና በማሽን ሙዚቃ መሥራት ከጀመሩት የመጀመሪያዎቹ ሰዎች አንዷ። ከሰማንያ ዓመት በላይ ሆኗታል። ለንደን የኖረችው አብዛኛውን ዕድሜዋን ሲሆን ቤቷ ኪልበርን፣ ከኔ ቤት ሁለት መንገድ አልፎ ነው። የኋለኛው ሥራዋ የታወቀ ነው። የመጀመሪያው፣ በልጅነቷ ስፔን ውስጥ በባሕር ጠረፍ ባለች ከተማዋ የሠራችው ግን ጠፍቷል ተብሎ ነበር። እህቷ ስትሞት ከአልጋዋ ሥር በዱቄት ጆንያ የተጠቀለሉ አሥራ አራት ቆርቆሮዎች ተገኙ።

ኮሊን ቆርቆሮዎቹን ጠረጴዛው ላይ ደርድሮ አያቸው። እጄን ልታጠብ ተነሣሁ። እሱ ግን ለቤዛ ሰጣት። ትምህርት ቤት ስፓኒሽ ተምራለች፣ ስለዚህ ዓይነት ሙዚቃም የመመረቂያ ጽሑፏን ጽፋለች አለኝ። አንተ ሁለተኛ ጆሮ ትሆናታለህ አለኝ። ጥሩ ነው አልኩ። እጄን ግን ታጠብኩ፤ ተነሥቼ ነበርና።

ቤዛ በምሳ ሰዓት የኤልቪራን ታሪክ ታወራልን ነበር። እናቷ የሰርዲን ፋብሪካ ሠራተኛ ነበረች። ኤልቪራ ሬዲዮ ከሚጠግን ሰው መቅጃ እየተዋሰች የፋብሪካውን ድምፅ ቀዳች፤ የቆርቆሮ መክደኛውን ማሽን፣ የሠራተኞቹን ጫማ፣ ውኃውን። በልብስ መስፊያ መቀስ ቆራረጠችው፣ ገለበጠችው፣ ቀጠለችው። የከተማው ሰው ሰምቶ ጫጫታ ነው አላት። ቤዛ ይህን ስትናገር ዓይኗ ያበራል። እኔ ዳቦዬን አኝካለሁ። መቀስ፣ ቆርቆሮ፣ ጫጫታ። በየቃሉ ምናለሽ ተራ ይመጣብኛል። እኔም ሠርቼው ነበር ማለት ፈልጌ አፌ እንቢ አለ፤ ምን ብዬ አሳያቸዋለሁ? የማዳበሪያ ትምህርት? አሮጊቷንም ጭምር ቀናሁባት። እሷም እንደኔ የሚሰማት አላገኘችም፤ ግን አልጋዋ ሥር የምታስቀምጥላት እህት ነበረቻት።

ቤዛ በየሳምንቱ ወደ ኤልቪራ ቤት ትሄዳለች። አንድ ቅዳሜ ከመስኮቴ ሆኜ አበባ ይዛ ስታልፍ አየኋት። እዚያ መንገድ ላይ እንደምኖር ታውቃለች፤ ቀና ብላ ግን አላየችም።

ስድስቱን ቴፖች ሰማሁ፤ ፈረምኩ። ንጹሕ ሥራ ነበር፤ አንዲት እንከን አጥቼ ተናደድኩ። ከዚያ ሰባተኛው መጣ። የሰርዲን ፋብሪካው የመጀመሪያ ሥራ ነው፤ ኤልቪራ በጣም የምትጠብቀው።

ጀርባዬን ሰጥቼ አዳመጥኩ። በዚህ ዓይነት ሙዚቃ ከኋላ ወደፊት የሚሄድ ድምፅና በትክክሉ የሚሄድ ድምፅ አብረው ይቀጣጠላሉ፤ ሆን ተብሎ ነው። አራተኛው ደቂቃ ላይ አንድ ከባድ ነገር ሲቀመጥ የሚመስል ድምፅ እያበጠ መጣና ተቆረጠ። ወዲያው ከሥሩ ትንፋሽ ሰማሁ። ሞቃት መሆን ሲገባው ቀዝቃዛ ነው። ከጅምሩ ሙሉ ሆኖ የሚሳሳ፣ ግን ያ የጥርስ ፉጨት ያለበት። የተሳበ ትንፋሽ ነው፣ ከኋላ ወደፊት። ደግሜ ሰማሁት። ከኋላ ወደፊት አስኪጄ ሰማሁት። እንዲያ ሲሄድ አንዲት ሴት ትንፋሽዋን ስባ፣ ከባድ ሣጥን አንሥታ፣ ስታስቀምጥ ቁልጭ ብሎ ታየኝ። ቴፑ በሙሉ የተገለበጠው ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው ነበር።

ስሕተቱ እንዴት እንደመጣም ገባኝ። በቴፕ ጫፍ ላይ ባለቀለም ፕላስቲክ ይቀጠላል፤ እንደ ደንቡ ነጩ መጀመሪያ፣ ቀዩ መጨረሻ ነው። ኤልቪራ ያኔ ደንብ አታውቅም፤ ያገኘችውን ቀጥላለች። ቤዛ በደንቡ መሠረት ከነጩ ጀመረች። ማንም ይሳሳተው ነበር።

በልማዴ በእርሳስ በቅጹ ዳር በአማርኛ ጻፍኩ፤ “4፡10 — ትንፋሹ ተገልብጧል።” ተነሥቼ ቤዛን ልጠራት በሩ ጋ ደረስኩ። ከመስታወቱ ማዶ ከኮሊን ጋር እያወራች ነበር፤ ኮሊን ትከሻዋን መታ መታ አደረጋት። እኔን በስምንት ዓመት ውስጥ አንድ ጊዜ እንኳ እንዲህ አላደረገኝም። ተመልሼ ተቀመጥኩ። ላጲስ አወጣሁ። የጻፍኩትን አጠፋሁና ፈረምኩ።

ያኔ ምን አስቤ እንደሆነ አልዋሽም። ኤልቪራ ራሷ መጥታ የምትሰማበት ቀን ተቀጥሮ ነበር። እሷ ፊት እንዲወጣ ፈለግኩ። ሁሉም ግራ ሲጋባ የምነሣው እኔ እንድሆን ፈለግኩ።

ልክ እንዳሰብኩት ሆነ። ኤልቪራ ጥቁር ኮት ለብሳ፣ ከዘራዋን ጉልበቷ ላይ አጋድማ ተቀመጠች። ቤዛ ከጎኗ ነች። ስድስቱን እየሰማች አንዳንዴ ሳቀች፣ አንዳንዴ የቤዛን እጅ ጨበጠች። ሰባተኛው ሲጀምር ዓይኗን ጨፈነች። ሲያልቅም አልገለጠችውም።

“እናቴ እዚህ ውስጥ ነበረች፤ የት አደረጋችኋት?” አለች በመጨረሻ።

የቤዛ ፊት ሲጠቁር አየሁ። ቼክ አድርጌዋለሁ፣ ከዳር እስከ ዳር ቼክ አድርጌዋለሁ ትላለች። ኮሊን ወደ ማሽኑ ሄደ፤ ምን እንደሚፈልግ ግን አላወቀም። ያኔ ተነሣሁ። ቴፑ ከኋላ ወደፊት ነው የተገለበጠው አልኩ። ጥቅሉን አወረድኩ፣ ከቀዩ ጫፍ ጀመርኩ፣ አጫወትኩ። ሴትየዋ ትንፋሽዋን ሳበች፣ ሣጥኑን አነሣች፣ አስቀመጠች። የኤልቪራ ከዘራ ወደቀ። እናቷ ከሞተች ከብዙ ዓመት በኋላ የቀራት የእናቷ ድምፅ ይህ ብቻ እንደነበር የሰማሁት በኋላ ነው። እጄን ይዛ ሳመችው። ያን ያህል የፈለግኩት ነገር ያ ነበር፤ አገኘሁት፤ ደስታው እጄ ላይ ያለው ምራቅ እስኪደርቅ እንኳ አልቆየም።

ኮሊን ቅጹን ይዞ ነበር። ኤልቪራን ሸኝቶ ሲመለስ ፊርማዬን እያየ፣ “ደምሴ፣ መቼ ነው የሰማኸው?” አለኝ።

“አሁን ነው” አልኩ።

ሌላ አልጠየቀም። ቅጹን ማኅደሩ ውስጥ አስገብቶ እጁን ሊታጠብ ሄደ።

ማንም ቤዛን አልገሠጻትም። እሷ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ አንዱን ቴፕ አራትና አምስት ጊዜ ትሰማለች፤ ከማሽን ማሽን ስትሄድ እግሯን የምትጎትት መሰለች። በሦስተኛው ሳምንት ለቀቀች። ሌላ ሥራ አግኝቻለሁ ብላ ነበር፤ አላገኘችም። የቀሩትን ሰባት ቴፖች ኮሊን ለኔ ሰጠኝ። ገለበጥኳቸው። ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም እንደዚያ የከበደኝ ሥራ የለም።

አስቴር ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ላይ አግኝታኝ፣ ልጄን ያን ቀን ከውርደት ያዳንክልኝ አንተ ነህ ብላ ጉንጬን ሳመችኝ። ያን እሑድ ቅዳሴውን ሳልጨርስ ወጣሁ። በማግስቱ ወደ ስትሪትሃም ሄድኩ።

ቤዛ በሩን ከፈተችልኝ። እናቷ ሥራ ላይ ነበረች። ሻይ ላፍላልዎ አለች፤ አይ አልኳት። ቆሜ ነው የተናገርኩት፤ ያን ቴፕ ስፈርም ሰምቼው ነበር፣ አውቄ ነው ዝም ያልኩሽ።

“አውቃለሁ” አለች።

እንዴት አወቅሽ አልኳት።

“ምን እንደተሳሳትኩ ልይ ብዬ ቅጹን አውጥቼ ነበር። ላጲስ ያጠፋው ጽሑፍ ወረቀቱ ላይ ሰርጉዶ ቀርቷል፤ መስኮት ላይ ይዤ አነበብኩት። አማርኛ ስሎው ነው የማነበው፤ ግን አነበብኩት።” ዓይኗን ወደ ጣቷ አወረደች። “እኔ መጀመሪያ እርስዎ ናቸው ብዬ አላመንኩም። እናቴ ስለርስዎ የምታወራውን ያውቃሉ። አልቆርጥም ያለ ሰው።”

ለምን ለኮሊን አልነገርሽውም አልኳት።

“ምን ልበለው ጋሼ? ያስገቡኝ እርስዎ ነዎት።” ከዚያ ዓይኗን አነሣች። “አንድ ነገር ልጠይቅዎ? ምን አድርጌዎት ነው?”

ምንም አላደረግሽኝም አልኳት። ምናለሽ ተራን፣ አሥራ አንዱን ደቂቃ፣ የኮሊንን ሻይ፣ አበባውን፣ ሁሉንም ነገርኳት። ለማንም ነግሬው አላውቅም ነበር። ሰምታ ስትጨርስ ይቅር ብዬዎታለሁ አላለችኝም። ለኮሊን ይንገሩት አለችኝና እስከ በሩ ሸኘችኝ።

ለኮሊን ነገርኩት። እስከ መጨረሻው ጀርባውን ሰጥቶኝ አዳመጠ፤ እንደ ቴፕ። ከዚያ ያንን ቅጽ አውጥቶ፣ የሆነውን ከፊርማህ ሥር ጻፍ አለኝ። ጻፍኩ፤ ቀኑን አስገባሁ። ቤዛን ደውሎ ጠራት፤ አመስግና አልመለስም አለች። እኔን አላባረረኝም። ደህና አደርክ ይለኛል፣ ሻይ ይሰጠኛል። ነገር ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ሁለተኛ ጆሮ አድርጎኝ አያውቅም። የገለበጥኩትን እሱ ይሰማና ይፈርማል፤ እሱ የገለበጠውን ከውጭ ሰው ጠርቶ ያሰማል። እስከ ጡረታዬ ድረስ እንደዚያው ሠራሁ። ተገቢ ነበር፤ በየቀኑ ግን አመመኝ።

ኤልቪራ ባለፈው ክረምት ሞተች። ለመታሰቢያዋ አንድ አዳራሽ ውስጥ የመጀመሪያ ሥራዎቿ በብዙ ድምፅ ማጉያዎች እንዲሰሙ ተዘጋጀ። ግብዣው በፖስታ ሲደርሰኝ የላኪውን ስም፣ የቤዛን፣ ሁለት ጊዜ አነበብኩ። ቤዛ አሁን እንዲህ ያለውን ሙዚቃ በየአዳራሹ የሚያቀርብ ቡድን ውስጥ ትሠራለች።

የድምፅ ማደባለቂያው ጠረጴዛ አዳራሹ መሃል ላይ ነበር፤ እሷ ቆማ ነው የምትሠራው። ድምፁን ከአንዱ ማዕዘን አንሥታ በራሳችን ላይ አሳልፋ ሌላው ማዕዘን ላይ ስታሳርፈው፣ ፋብሪካው ውስጥ የገባሁ መሰለኝ። እንዲህ ማድረግ እኔ አልችልም ነበር። ያኔ በወጣትነቴ ቴፑ ሳይጠፋብኝ ቢቀር እንኳ አልችልም ነበር። ይህን ባወቅኩበት ቅጽበት ያው አሮጌ ቃጠሎ ደረቴ ውስጥ ተነሣ። አርጅቼ ይለቀኛል ብዬ ነበር፤ አልለቀቀኝም።

ሲጨበጨብ አጠገቤ የተቀመጠች እንግሊዛዊት ወደኔ ዞር ብላ አባቷ ነህ ወይ አለችኝ። አይደለሁም አልኳት። አስተማሪዋ ነሃ አለች።

“አይደለሁም። አንድ ጊዜ ሥራዋን ያበላሸሁባት ሰው ነኝ።”

ቀልድ መስሏት ሳቀች። በዚያው ቅጽበት ቤዛ በሰው መሃል እየተሹለከለከች ወደኔ ስትመጣ አየኋት። ብድግ አልኩ። ከሩቅ ሳለች እጇን ዘርግታ፣ “ኧረ ጋሽ ደምሴ፣ አይነሡ፣ ይቀመጡ” አለችኝ።

እስክትደርስ ቆሜ ጠበቅኳት።